መጃጀት አንድ ደዌ ነውን?

ከአምባሰል ደጋ ወደ ባቲ ገበያ ወርዶ የተመለሰ ሰው በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ፣ አባቶቻችን ሕመሙን ሁሉ «ንዳድ» በሚል በአንድ ስም ይጠሩት ነበር። ወባ ይሁን ግርሻ፣ ወይም ተስቦ፣ በውጭ አይቶ መለየት አስቸጋሪ ስለ ነበረ ስሙም አንድ፣ ሕክምናውም አንድ ነበር። ኋላ ግን ከጣት የተወሰደች አንዲት የደም ጠብታ በመስተዋት ላይ ተቀብታ በማይክሮስኮፕ ስትታይ፣ የወባው ተሐዋሲ በቀዩ የደም ሕዋስ ውስጥ ተቀምጦ፣ የግርሻው ደግሞ እንደ ተጠመዘዘ ክር ሆኖ ታየ። በመልክ አንድ ይመስሉ የነበሩት ሕመሞች ተለያዩ፤ ስማቸው ስለ ተለየም መድኃኒታቸው ተለየ።

ዛሬ በዚህ ዓምድ የማነሣው ነገር ይህን የሚመስል ነው። አባት ወይም እናት በሸመገሉ ጊዜ የልጃቸው ስም ሲጠፋባቸው፣ ድስት እሳት ላይ ጥደው ሲረሱት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ሲስቱ፣ እኛ የምንለው «ጃጁ» ነው። «ዕድሜ ነው፤ ምን ይደረጋል» ብለንም ነገሩን እንዘጋዋለን። ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት ይህ የመርሳት ደዌ ግን እንደ ንዳድ የጋራ ስም እንጂ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ከስሙ በታች ብዙ በሽታዎች አሉ፤ ብዙዎቹም በአንጎል፣ በአከርካሪ ፈሳሽና በደም ውስጥ የየራሳቸውን አሻራ ይተዋሉ። ይህን አሻራ ሊቃውንቱ ባዮማርከር ይሉታል፤ እኛ ሥጋዊ መለያ ብንለው ያስኬዳል። ሰውየው ስለ ራሱ መናገር ሲሳነው ሥጋው የሚሰጠው ምስክርነት ነው።

ይህ ፍለጋ ከተጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1906 በጀርመን አገር ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ሆኑ። በበርሊን አውጉስት ፎን ዋሰርማንና ባልደረቦቹ የቂጥኝን ምልክት ከደም የሚያሳይ ምርመራ አወጡ። በዚያን ዘመን በአውሮፓ የአእምሮ ሕሙማን መጠለያዎች ከሚኖሩት መካከል ብዙዎቹ የሚረሱ፣ እግራቸው የሚሰንፍ፣ አንዳንዶቹም «ንጉሥ ነኝ» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ ውስጥ ሕመማቸው ከቂጥኝ የመጣባቸው በደማቸው ተለዩ። በ1913 ኖጉቺና ሙር በኒው ዮርክ የቂጥኙን ተሐዋሲ ከእነዚያ ሕሙማን አንጎል ውስጥ አገኙት። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን በመጣ ጊዜም በሽታው የሚታከም ሆነ። እንግዲህ ከመርሳት ደዌዎች መካከል አንዱ በደም ምልክት ተለይቶ፣ ቀጥሎም መድኃኒት ተገኝቶለት ከመጠለያው ወጣ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ደግሞ ሐኪሙ አሎይስ አልዛይመር በቱቢንገን ከተማ ለተሰበሰቡ ሐኪሞች ስለ አንዲት ሴት ተናገረ። ሴትዮዋ አውጉስተ ዴተር በ51 ዓመቷ በፍራንክፈርት መጠለያ የገባች፣ ስምሽን ጻፊ ስትባል መጨረስ የተሳናት፣ በ55 ዓመቷም የሞተች ነበረች። አልዛይመር አንጎሏን በብር ውሁድ ቀልሞ በማይክሮስኮፕ ቢያየው፣ ከሕዋሳቱ ውጭ የተከማቸ ዝቃጭ፣ በሕዋሳቱም ውስጥ እንደ ተተበተበ ፈትል ያለ ነገር አገኘ። በነገራችን ላይ በአልዛይመር ቤተ ሙከራ አንድ አፍሪካዊም ነበረ። ሰሎሞን ካርተር ፉለር ይባላል፤ በ1872 በላይቤሪያ ዋና ከተማ በሞንሮቪያ ተወለደ። አያቱ በቨርጂኒያ በባርነት ኖረው ነጻነታቸውን በገንዘባቸው ገዝተው ወደ ላይቤሪያ የተሻገሩ ናቸው። ፉለር ከ1904 እስከ 1905 በሙኒክ ከአልዛይመር ዘንድ ተምሮ፣ በኋላ ስለዚህ ደዌ በእንግሊዝኛ ከጻፉት ቀደምት ሐኪሞች አንዱ ሆኗል። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይበራል።

የአልዛይመር ግኝት ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ምልክቱ የሚታየው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነበር። መቶ ዓመት ያህል ሐኪሙ በሕይወት ባለው ሰው ላይ የሚያደርገው ግምት ነበረ፤ እውነቱ የሚታወቀው አንጎሉ ሲመረመር ብቻ ነው።

በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ካስተማሩበትና መጻሕፍት ካኖሩበት ከሐይቅ እስጢፋኖስ አጠገብ የሚኖር ሰው፣ ነገሩን በብራና ቢመስለው ይቀለዋል። ብራና የሚበላሽበት መንገድ ብዙ ነው። ብል የበላው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል፤ እርጥበት የነካው ቀለሙ ይፈስሳል፤ ጭስ ያገኘው ይጠቁራል፤ አይጥ የቆረጠመው ከጠርዙ ይጎድላል። አንባቢው «ይህ መጽሐፍ አይነበብም» ብቻ ይላል። ዕቃ ቤቱ ግን ገጹን ገልጦ ያጠፋውን ያውቃል፤ ካወቀም በኋላ መጽሐፉን ከእርጥበት ያነሣዋል፣ ወይም በዕቃ ቤቱ ድመት ያሳድራል። የሥጋዊ መለያዎች ሥራ የዕቃ ቤቱ ሥራ ነው።

የአልዛይመርን ደዌ የሚለዩት ሁለት ፕሮቲኖች ናቸው። ከሕዋስ ውጭ የሚዘቅጠው አሚሎይድ፣ በሕዋስ ውስጥ የሚተበተበው ታው ይባላል። (ታው የግሪክ ፊደል ስም ነው፤ የእኛም «ተ» በግእዝ ስሟ «ታው» ናትና የፊደል ቤት ልጅ ይህን ስም አይረሳውም።) ሰው በሕይወት ሳለ እነዚህን ለማየት መጀመሪያ የተሠራበት ፈሳሽ ከወገብ በመርፌ የሚቀዳው የአከርካሪ ፈሳሽ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። በዚህ ደዌ አሚሎይድ በአንጎል ውስጥ ሲበዛ፣ በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ግን ይቀንሳል። ነገሩ ግልጽ የሚሆነው ወደ ሐይቃችን የሚገባውን ወንዝ ስናስብ ነው፤ ወንዙ ደለሉን በመንገድ ላይ ከጣለው፣ ወደ ሐይቁ የሚደርሰው ውኃ ጥቂት ደለል ብቻ ይዞ ይደርሳል። አሚሎይዱም በአንጎል ስለ ቀረ ወደ ፈሳሹ የሚወርደው ያንሳል። ታው ግን ይጨምራል።

ሁለተኛው መንገድ ፔት የሚባለው ሥዕል ነው። ጥቂት ጨረር ያለው፣ አሚሎይድን ፈልጎ የሚይዝ ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጥና መሣሪያው የተያዘበትን ቦታ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2004 የፒትስበርግ ሊቃውንት የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ሥዕል ሲያሳትሙ፣ አልዛይመር በሬሳ ላይ ያየው ዝቃጭ በሕያው ሰው አንጎል ታየ። ይህ ግን ዋጋው የከበደ፣ መሣሪያው በጥቂት ከተሞች ብቻ የሚገኝ ነው።

ሦስተኛው፣ ብዙ ተስፋ የተጣለበት፣ ደም ነው። ታው የሚባለው ፕሮቲን እንደ ዶቃ ከተሰካኩ ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። አልዛይመር ባለበት ሰው 217ኛዋ ዶቃ ላይ ፎስፌት የተለጠፈበት ታው በደም ውስጥ ይበዛል። ከጠቅላላው ደም ውስጥ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ለመለካት ብርቱ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህን ታው ከአሚሎይድ ጋር አነጻጽሮ የሚለካ ሉሚፐልስ የተባለ የደም ምርመራ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቀደ። ፈቃዱ የመርሳት ምልክት ለታየባቸውና ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ነው። ለፈቃዱ በቀረበው የ499 ሰዎች ማስረጃ፣ ደሙ «አለ» ካላቸው ከ100 ሰዎች 92ቱ ያህል በሥዕል ወይም በአከርካሪ ፈሳሽ አሚሎይድ ተገኝቶባቸዋል፤ «የለም» ካላቸው ደግሞ ከ100 97ቱ ያህል አልተገኘባቸውም። ከአምስት ሰው አንድ ለማይሞላ ወገን ግን ምርመራው ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠም። ይህን ያነሣሁት «ደም ተመረመረ» ሲባል ነገሩ ሁሉ ያለቀ ለሚመስለው ነው።

ሰው «ስሙን ማወቅ ምን ይረባል? መድኃኒት እንደ ሆነ የለውም» ይል ይሆናል። ለዚህ መልስ እንዲሆን ስለ ሁለተኛው ደዌ ልናገር።

ከሐይቁ ማዶ የሚኖሩ አንድ መሪጌታ አውቃለሁ። ከብዙ ዓመት ጀምሮ በሌሊት በእንቅልፋቸው ይጮኹ፣ ይራገጡ ነበር፤ ባለቤታቸው ሕልም ነው ብለው ትተውት ኖሩ። ኋላ እርምጃቸው አጠረ፣ ፊታቸው እንቅስቃሴ አጣ። አንድ ቀን ተማሪዎቻቸውን ቅኔ ሲያስነግሩ እንደ ቀድሟቸው ናቸው፤ በማግሥቱ ደግሞ ያሉበትን ቤት አያውቁትም። ሲመሽ ትናንሽ ልጆች መደቡ ላይ ተቀምጠው ያዩና «ለእነዚህ ልጆች እንጀራ አቅርቡላቸው እንጂ» ይላሉ። ከቤተ ዘመድ አንዱ ጋኔን ነው አለ፤ ሌላው ራእይ ነው አለ። በመጨረሻ ወደ አንድ ጤና ቤት ወሰዷቸውና፣ የሌለ ነገር የሚያይ ሰው ነውና ሃሎፔሪዶል ታዘዘላቸው። በሦስተኛው ቀን ሰውነታቸው እንደ እንጨት ደረቀ፤ ውኃ መዋጥ አቃታቸው። መድኃኒቱ ሲቆም ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ ባይቆም ግን ይሞቱ ነበር።

ይህ ደዌ የሌዊ አካላት የመርሳት ደዌ ይባላል። ፍሪድሪክ ሌዊ፣ እርሱም በአልዛይመር ቤተ ሙከራ የሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 በፓርኪንሰን ሕሙማን አንጎል ውስጥ ክብ ክብ እብጠቶችን አየ፤ እብጠቶቹ የተሠሩበት ፕሮቲን አልፋ ሲኑክሊን መሆኑ የታወቀው በ1997 ነው። በውጭ ሲታይ ከአልዛይመር ጋር ይመሳሰላል። በሕክምና ግን ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ነው። ሃሎፔሪዶልና ይህን የመሳሰሉት አእምሮ ማረጋጊያዎች በዚህ ደዌ የተያዙትን ከሦስት አንዱን እስከ ግማሽ ያህሉን በብርቱ ይጎዳሉ። በአንጻሩ ሪቫስቲግሚን ወይም ዶኔፔዚል የሚባሉት መድኃኒቶች ብዙዎቹን ይረዷቸዋል፤ የሚያዩትንም ምትሐት ያቀልሉላቸዋል።

የዚህ ደዌ መለያ የሚገርም ነው። የተበላሸው አልፋ ሲኑክሊን በጤነኛው ፕሮቲን ላይ እንደ እርሾ ይሠራል፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ ራሱ መልክ ይለውጠዋል። ሊቃውንቱም ይህንኑ ክፋቱን ለምርመራ አዋሉት። ከሕመምተኛው አከርካሪ ፈሳሽ ጥቂት ወስደው ጤነኛ ፕሮቲን ባለበት ዕቃ ይጨምራሉ፤ እርሾው ካለ ሊጡ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ታላቅ ጥናት ይህ ዘዴ ከፓርኪንሰን ሕሙማን ከ100 88ቱን ያህል ለይቷል። ከቆዳ በሚወሰድ ቅንጣት ሥጋም ይኸው ፕሮቲን ይታያል። ሆኖም መሣሪያው ባይኖርም ከላይ የተናገርሁትን አራት ነገር፣ ማለትም በእንቅልፍ መራገጡን፣ የእግር መያዙን፣ አንድ ቀን ደኅና አንድ ቀን ክፉ መሆኑን፣ የሌለ ነገር ማየቱን፣ ቤተ ሰብ ቆጥሮ ለሐኪሙ ሊነግር ይችላል። ሐኪሙ እነዚህን ሳይሰማ ሃሎፔሪዶል እንዳያዝ መጠየቅም የቤተ ሰቡ መብት ነው። ጠበል የሚያስጠምቅ ሰውም ሽማግሌው በመልካም የሚረዱበትን ክኒን ማስጣል የለበትም፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ሦስተኛው ከደም ሥር የሚመጣው ነው። የደም ግፊት ለብዙ ዓመት ሳይታከም ሲቀር የአንጎልን ጥቃቅን የደም ሥሮች ያደነድናቸዋል፤ ትልልቆቹም ሲደፈኑ ሰውየው ደረጃ እንደሚወርድ ሰው በአንድ ጊዜ ዝቅ ይላል፣ ጥቂት ይቆማል፣ ደግሞ ዝቅ ይላል። የዚህ መለያ በኤም አር አይ ወይም በሲቲ ሥዕል ላይ የሚታየው ጠባሳ ነው። በክንድ ላይ የሚጠመጠመው የግፊት መለኪያ ግን ከደዌው አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ነውና፣ ከመለያዎች ሁሉ ርካሹ እርሱ ነው።

አራተኛው፣ ቤት የሚያፈርሰው፣ በግንባር በኩል ያለውን አንጎል የሚያሳንሰው ነው። አርኖልድ ፒክ እ.ኤ.አ. በ1892 በፕራግ ጽፎታል። ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ነገሩ በመርሳት አይጀምርም፤ በጠባይ ይጀምራል። ጨዋ የነበረ ሰው ባለጌ ይሆናል፤ ለጋስ የነበረው ይሰርቃል፤ በልቅሶ ቤት ይስቃል፤ ስኳር ሳይጠግብ ይልሳል። ሚስት ትጣላዋለች፤ ጎረቤት ያማዋል፤ የነፍስ አባት ይገሥጸዋል። ሰውየው ግን ኃጢአተኛ ሳይሆን ሕመምተኛ ነው። ለዚህ ደዌ እንደ 217ኛዋ ዶቃ ያለ አንድ ቁርጥ ምልክት እስካሁን አልተገኘም፤ በእኩሌቶቹ ዘንድ ታው፣ በሌሎቹ በ2006 የታወቀው ቲዲፒ 43 የሚባል ፕሮቲን ነው የሚበላሸው። በደም ውስጥ የሚለካ ኒውሮፊላመንት የሚባል ሌላ ምልክት ግን ይረዳል። ይህ የነርቭ ሕዋስ ሲፈርስ የሚወጣ ነገር ስለ ሆነ እንደ ጭስ ነው፤ እሳት እንዳለ ይናገራል እንጂ የማን ቤት እንደሚነድ አይናገርም። ሆኖም ሰውየው በጠባዩ የተለወጠው ከአእምሮ ጭንቀት ነው ወይስ አንጎሉ እየፈረሰ ነው ለሚለው ጥያቄ፣ የጭሱ መኖርና አለመኖር ብዙ ይናገራል።

እነዚህ ደዌዎች እንደ መጽሐፍ ምዕራፍ ተለያይተው አይመጡም። በጣም በሸመገለ ሰው አንጎል ውስጥ አሚሎይዱም፣ የደም ሥሩ ጠባሳም፣ የሌዊ አካላትም በአንድነት መገኘታቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ ሐኪም «አልዛይመር ነው» ቢል፣ የግፊቱን መድኃኒት ይተው ማለቱ አይደለም።

አሁን ወደ አገራችን ነገር ልመለስ። በሆስፒታል ሽማግሌ የሚመዘኑበት የወረቀት ፈተና አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ የወጣ፣ ከ30 የሚታረም ነው። ዓመተ ምሕረቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን ይጠይቃል፤ ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ እንዲቆጥሩ ያዛል፤ ዓረፍተ ነገር ያስጽፋል፤ ሁለት የተጠላለፉ ባለ አምስት ማዕዘን ሥዕል ያስገለብጣል። በሌላ ፈተና ደግሞ ሰዓት ያስሥላል፤ የእኛ ሰዓት ከንጋት እንደሚቆጠር ለማያውቅ ፈታኝ የእኛ አንድ ሰዓት ስሕተት ነው። እኔ በፈተና የምኖር መምህር ነኝና ፈተናን አልንቅም፤ ነገር ግን እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ እናት ሥዕሉን ባይገለብጡ፣ ያልተማሩትን ጠየቅናቸው እንጂ ረሱ አይባልም። «ዛሬ ሚካኤል ነው» ያሉ ሽማግሌም ከወሩ 12ኛው ቀን መሆኑን አስተካክለው ተናግረዋል፤ ፈታኙ ካልገባው ግን ነጥብ ይወስድባቸዋል። በተቃራኒው መዝሙረ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የሚሉ አባት፣ ትናንት ማን እንደ ጠየቃቸው ላያስታውሱ ይችላሉ። በልጅነት የተቀረጸው መጨረሻ ስለሚጠፋ ቤተ ሰቡ «ደኅና ናቸው፣ ዳዊታቸውን ይደግማሉ» እያለ ሕመሙን ሳያይ ዓመታት ያልፋሉ።

ደም ግን የት ተማርህ አይልም። በእኔ አስተያየት እነዚህ መለያዎች ከሀብታሞች አገር ይልቅ ለእኛ የሚጠቅሙት በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ የደሙ ልክ «ይህን ያህል ከሆነ ደዌ ነው» ተብሎ የተወሰነው ከሁሉ ይልቅ በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች ላይ ነው። ልኩን እንዳለ ወደዚህ ማምጣት አደጋ እንዳለው የናይጄሪያዋ የኢባዳን ከተማ ታስተምረናለች። ከ1992 ጀምሮ በኢባዳንና በአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ ጎን ለጎን በተደረገ ጥናት፣ በነጮች ዘንድ ለአልዛይመር ዋና የውርስ ምልክት የሆነው አፖኢ 4 የተባለው ዘር በኢባዳን ሽማግሌዎች ከደዌው ጋር ያለው ግንኙነት እጅግ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ኩላሊቱ የደከመ ሰውም ደዌው ሳይኖርበት የታው ልክ በደሙ ከፍ ሊል ይችላል፤ ስኳርና ግፊት ኩላሊትን በሚያደክሙበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የአያያዙም ነገር አለ። ደሙ ከተቀዳ በኋላ በመሣሪያ ተሽከርክሮ ውኃማው ክፍል ሊለይ፣ ከዚያም በብርቱ ብርድ ሊቀመጥ ይገባል። አሚሎይድ ደግሞ በፕላስቲክ ዕቃ ግድግዳ ላይ የመለጠፍ ጠባይ ስላለው፣ ከዕቃ ወደ ዕቃ በተገለበጠ ቁጥር ልኩ ይቀንሳል። መብራት በሚቋረጥበት አገር ይህ ትልቅ ጣጣ ነው። ከጣት የተወሰደ የደም ጠብታ በወረቀት ላይ ደርቆ በፖስታ እንዲላክ የሚደረገው ጥናት እየገፋ ነውና፣ ለገጠር ሰው የሚበጀው ምናልባት እርሱ ይሆናል።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን በደሴም ሆነ በሌላ ከተማ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ አስቀድሞ መጠየቅ ያለባቸው፣ የሚድኑ ደዌዎች አሉ። የታይሮይድ ዕጢ ሲሰንፍ ሰው ይቀዘቅዛል፣ ይደክማል፣ ይረሳል፤ እንቅርት በደጋው አገራችን የታወቀ ነውና (እንቅርት ያለበት ሁሉ ይረሳል ማለት ግን አይደለም) ደሙ ይታይ። ቢ 12 የሚባለው ቪታሚን ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከዕንቁላልና ከዓሣ የሚገኝ ነው። ጾም ያጃጃል ማለቴ አይደለም፤ ጉበት ይህን ቪታሚን ለዓመታት ያኖረዋል። ነገር ግን ጨጓራቸው በዕድሜ የሰነፈ፣ በፍስክም ከድኽነት ወይም ከትሕርምት የተነሣ እነዚህን የማይቀምሱ ሽማግሌዎች ሊያጡት ይችላሉ፤ በመርፌ ይተካል። ቂጥኝና ኤች አይ ቪ በደም ይለያሉ፤ ሁለቱም መድኃኒት አላቸው። ከሳምንታት በፊት ወድቀው ጭንቅላታቸውን የተመቱ ሽማግሌ ቀስ በቀስ ቢደነዝዙ፣ ከራስ ቅል ሥር ደም ተቋጥሮ ይሆናልና በሲቲ ይታያል፤ በቀዶ ሕክምናም ይወጣል። እግር የሚጎተት፣ ሽንት የሚያመልጥና የሚረሳ ሰው በአንጎሉ ውኃ ታቁሮበት ሊሆን ይችላል። በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ በድንገት የተደናገሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሳንባ ወይም የሽንት ቧንቧ ሕመም ይዟቸው ነው፤ ለነገ አይባልም። ልጇን ቀብራ ዝም ያለች እናትም ከሐዘኗ ጥልቀት የተነሣ የጃጀች መስላ ልትታይ ትችላለች፤ ደሟ ምንም አይናገርም፣ ማነጋገር ያስፈልጋል።

ከውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች አሁን «አባባን ደማቸውን እናስመርምር፤ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ» ማለት ጀምረዋል። አባባ የሚረሱ ከሆነ ይመርመሩ፤ ሐኪሙ ያዝዝ። ምንም ምልክት ሳይኖርባቸው በጥንቃቄ ብቻ ከሆነ ግን ምክሬ ይቅር የሚል ነው። ጤነኛ አእምሮ ካላቸው ሰዎች መካከል በ50 ዓመት ከ10 አንዱ፣ በ90 ዓመት ከ10 አራቱ ያህል አሚሎይድ አለባቸው፤ ብዙዎቹም ሳይጃጁ ይሞታሉ። አሚሎይድን ከአንጎል የሚያጥበው ሌካኔማብ የተባለው መድኃኒት እንኳ፣ በአሜሪካ በ2023 ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ደዌው ለጀመራቸውና አሚሎይዱ ለተረጋገጠባቸው ብቻ ነው። በ18 ወር ውስጥ የማሽቆልቆሉን ፍጥነት በ27 በመቶ ያህል ቀንሷል፤ አላቆመውም። አንጎልን የማሳበጥና የማድማት አደጋ ስላለውም በተደጋጋሚ ኤም አር አይ ይፈልጋል።

ለሚጓዘው ቤተ ሰብ አንድ ነገር ልጨምር። ሽማግሌውን ይዞ የሚሄደው አብሯቸው የሚያድር ሰው ይሁን እንጂ፣ መኪና ያለው ዘመድ ብቻ አይሁን። ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ማለቱ አይቀርም፤ ቀን መቁጠር ካስቸገረ «የልጁ ስም የጠፋባቸው ከአምናው ጥምቀት በፊት ነው፤ ልጆች አየሁ ያሉት ከፍልሰታ በኋላ ነው» ብሎ መመለስ በቂ ነው። የቱ እንደ ቀደመ፣ መርሳቱ ወይስ እግሩ፣ ጠባዩ ወይስ ምትሐቱ፣ በወረቀት ላይ ተጽፎ ይያዝ። የሚውጡት ክኒን ሁሉ፣ ለእንቅልፍም ለአለርጂም ተብሎ ከመድኃኒት ቤት በራሳቸው የገዙት ሳይቀር፣ ከነካርቶኑ በከረጢት ይሂድ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ራሳቸው የሚያስረሱ ናቸውና።